ለስላሳ ጎማ በኅዳር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሚሴ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር ብቅ ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ሳያስቆመኝ አልመለስም። «ጋሽ ይመር፣ ሞተር ልገዛ ነበር፤ የቱ ይሻለኛል?» ይለኛል። ቀለሙን ይነግረኛል፣ ጉልበቱን ይነግረኛል፣ በሰዓት ስንት እንደሚበር ከሻጩ የሰማውንም ይጨምርልኛል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የምትሄደው ወዴት ነው? ከኋላህ ምን ትጭናለህ? ስትቀመጥበት ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይረግጣሉ? ብዙው ሰው በጥያቄዬ ቅር ይለዋል። የመጣው ምክር ፈልጎ ሳይሆን ምርቃት ፈልጎ ነው። እኔም መርቄ እሸኘዋለሁ፤ ከወር በኋላ እያነከሰ ሲመጣ እንደገና እንነጋገራለን።

ሃያ ሁለት ዓመት እንጀራዬ ይኸው ነበር። በዞናችን ገጠር ለገጠር እየዞረ ከብት የሚያክምና የሚከትብ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙን ልተወው። እዚያ ለባለሙያዎቹ ሞተር እመርጣለሁ፣ እጠግናለሁ፣ መንዳትም አስተምራለሁ። የሥራ መደቤ ስም በየጊዜው ተለዋውጧል፤ ደመወዜ ግን ያን ያህል አልተለዋወጠም። በዘበኝነት ገብቼ በአሠልጣኝነት ወጣሁ ማለት ይበቃል።

ከዘበኝነት ያወጣኝ አያ ኢብራሂም ነው። የመሥሪያ ቤቱ መካኒክ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ በዘይት ጠቁረው የቀሩ የሰንበቴ ሰው። በሩን ስከፍትና ስዘጋ ማን እንደመጣ ሳላይ በሞተሩ ድምፅ ብቻ እንደምለይ አስተውሎ ኖሯል። አንድ ቀን «ና ያዝልኝ» ብሎ የሞተር ካቴና አስጨበጠኝ። ከዚያ በኋላ ወደ በሩ አልተመለስኩም።

አያ ኢብራሂም ማንንም ቢሆን መጀመሪያ ሞተር አያስነዳም፣ ያስገፋዋል። ጀማሪው ከግቢው በር እስከ ድልድዩ ገፍቶ፣ መልሶ ይመጣል። «ሲወድቅ የምታነሣው አንተ ነህ፤ ከአሁኑ ተዋወቁ» ይለዋል። ዲግሪ የጫኑ ሐኪሞች በገበያ መሐል ላባቸው እየተንጠባጠበ ሲገፉ ከተማው ይስቅባቸው ነበር። ፍሪሲዮኑን በአራት ጣት ጨምድዶ የሚይዝ ተማሪ ካየ፣ ሁለቱን ጣቶች ከመሪው ጋር በውስጥ ጎማ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ ያስርበታል፤ ቀሪዎቹ ሁለት ጣቶች ቀስ ብሎ መልቀቅን ይለምዳሉ። የጎማ ንፋስ የሚለካው በአውራ ጣቱ ነው። ለጠጠር መንገድ ያረግበዋል፣ ለአስፋልት ያጠነክረዋል፤ መለኪያ መሣሪያ መጥቶልን ሳነጻጽር የተሳሳተበትን ቀን አላገኘሁም። ሲያስተምር የሚያወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ሱታ» ይላል በኦሮምኛ፣ ቀስ በል ለማለት። ተማሪው ሲፈጥንም ሲቆምም ሲወድቅም «ሱታ» ነው።

ሌላም ልማድ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ከግቢያችን ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጣል። ከጨፋ ሮቢት የመጣ ሹፌር ሲወርድ፣ ከሰንበቴ ከብት ገበያ የሚመለስ ነጋዴ ሲያልፍ፣ «አካም ቡልቴ» ብሎ የአዳሩን ሰላምታ ሳይጨርስ «መንገዱ ዛሬ ምን ለብሷል?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ጭቃ ይለዋል፣ ሌላው ከአፋር የሚወጡ ግመሎች ሞልተውታል ይለዋል፣ ሌላው ናፍጣ ፈሶበታል ይለዋል። ያን ሁሉ ሰብስቦ ነው ባለሙያዎቹን የሚያሰማራው። መጀመሪያ አካባቢ ወሬ የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር።

መምረጥንም ከእሱ ተማርኩ። የመጀመሪያው አለቃችን አጭር ሰው ነበሩ፤ ልባቸው ግን ረጅም ሞተር ወደደ። ለመውጣት ድንጋይ ላይ ይቆማሉ፣ ለመውረድም ድንጋይ ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ጨፋ ሜዳ ላይ ድንጋይ አጡ። የሚጠብቃቸውን የገበሬ ስብሰባ ሦስት ጊዜ እየዞሩ ሰላም ካሉ በኋላ ኩይሳ አግኝተው እዚያ ላይ ወረዱ። ገበሬዎቹ የክብር አዟዟር መስሏቸው አጨበጨቡ። በሳምንቱ አያ ኢብራሂም ሳይጠየቅ ዝቅ ያለውን ሞተር አምጥቶ በራቸው ላይ አቆመላቸው፤ እሳቸውም ነድተውት ሄዱ።

አያ ኢብራሂም ዓይኑ ደክሞ ሰንበቴ ቤቱ ከገባ በኋላ ሥራው ጠቅልሎ እኔ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ዋናው መንገድ አዲስ አስፋልት ይለብስ ጀመር፤ የመንገድ ሠሪዎቹም ካምፕ ከከተማው ወጣ ብሎ ተተከለ። ከካምፑ መሐንዲሶች አንዱ፣ ዳዊት የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ የፍሬን ሽቦ ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። የመጣበትን ሞተር ሳይ ሥራዬን ጣልኩት። ከወገቡ በላይ የገጠር ሞተር ነው፤ ረጅም፣ መሪው ሰፊ፣ አሞርዛተሩ ጉድጓድ የሚንቅ። ከታች ግን ቸርኬው ትንሽ፣ ጎማው ሰፊና ጥርስ የሌለው ለስላሳ ነው።

«ሱፐርሞቶ ይባላል» አለኝ። ትንንሾቹ የውድድር መኪኖች በሚሮጡበት የካርት ሜዳ ላይ ይወዳደርበት እንደነበር ነገረኝ።

ቅዳሜ ካምፑ ድረስ ሄጄ አየሁት። አስፋልት በለበሰው ግቢ ውስጥ አሮጌ የመኪና ጎማ ደርድሮ ጠመዝማዛ መንገድ ሠርቷል። ኩርባው ጋ ሲደርስ መቀመጫው ላይ ወደ ፊት ይጠጋል፤ በኩርባው በኩል ያለውን እግሩን ወደ ፊት ይዘረጋና ሞተሩን ከሥሩ ያጋድመዋል፣ ደረቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ገና ሲገባ ፍሬኑን ጨርሷል። ዓይኑ መውጫውን ሲያገኝ እጁ ነዳጅ ይሰጣል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ጠጠርን ነው፤ ጠጠር ላይ ጎማ ሁልጊዜ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሰውም ትንሽ ይፈራል። ዳዊት ሞተሩን ሰጥቶኝ ሦስት ዙር እንደሄድኩ ያ ፍርሃት ከትከሻዬ ወረደ። ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነበርኩ፤ እንደዚያን ቀን በሞተር ተደስቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታየኝም። ባለሙያዎቻችን ከሚሄዱበት መንገድ እኩሌታው አስፋልት ሆኗል። ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ ይንዘረዘራል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ከኋላ በታሰረው የበረዶ ሣጥን ውስጥ የክትባቱን ብልቃጥ እርስ በርስ ያጋጨዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አዲሱ አለቃችንም ፈቀዱ፤ በሦስት ሞተሮች ላይ ለስላሳ ጎማ ገጠምኩ። ዳዊትም ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢውን ለሥልጠና ለቀቀልን።

ከሠለጠኑት ሁሉ አንደኛዋ ዘይነባ ነበረች። የጨፋ ሮቢት ልጅ፣ ክትባት ሠራተኛ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለች። ወንዶቹ ሞተሩን ሊያሸንፉት ይታገሉታል፤ እሷ ግን ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግ አውቃ ትቀድመዋለች። በሁለተኛው ቅዳሜ እግሯን የምትዘረጋው መቼ እንደሆነ፣ የምትሰበስበው መቼ እንደሆነ መንገር ተውኩ። ዳዊት ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ካርት ሜዳ ብትወጣ እኔን ታሸንፈኛለች» አለኝ። እኔ እንደ አባት ኮራሁ።

እናቷ እማማ ፋጡማ ግን ሴት ልጅ በሞተር መሄዷ አልጣማቸውም። አንድ ቀን በሻሽ የቋጠሩትን እሸት ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ። «ይመር፣ አንተን ስለማውቅህ ነው ዝም ያልኩት። ልጄን አደራ» አሉኝ።

«አብሽሩ እማማ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ ምንም አትሆንም።»

ኅዳር ውስጥ ነበር። በኅዳር የጨፋ ሸለቆ ማሽላ ይታጨዳል። መንገድ ዳር ያለ ገበሬ ደግሞ አስፋልቱን አውድማ ያደርገዋል፤ ማሽላውን ከመንገዱ ግማሽ ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን በድንጋይ ይከልላል፣ ፀሐዩ ያደርቅለታል፣ የሚያልፈው መኪና ይወቃለታል። ከአሮጌው አስፋልት ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ ደግሞ ባሰ፣ ምክንያቱም የበለጠ ለስላሳና የበለጠ ትኩስ ነው። ይህን የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። እኔ እዚያው ተወልጄ አድጌያለሁ።

የዚያን ቀን ሰንበቴ ገበያ ላይ በሽታ ያለበት ከብት ታይቷል ተብሎ ክትባቱ በፍጥነት እንዲደርስ ታዘዝን። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሳልቀመጥ፣ ከወዲያ የመጣ አንድ ሰው እንኳ ሳልጠይቅ ተነሣን። እውነቱን ለመናገር ችኮላው ብቻ አልነበረም። ካምፕ ውስጥ ያየሁትን በትልቁ መንገድ ላይ ለማየት ጓጉቼ ነበር። ዘይነባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ስንሄድ ወደ ጨፋ ሮቢት ከመድረሳችን በፊት ያለው ረጅም ኩርባ መጣ። ጎኗ ደርሼ «እንደ ካምፑ አድርጊው!» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ትንሽ እንዳመነታች አሁንም ይታየኛል። ከዚያ ወደ ፊት ተጠጋች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ሞተሩን አጋደመችው። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ማሽላው ኩርባው መውጫ ላይ ነበር የተዘረጋው።

ጥርሳም ጎማ ቢሆን ይቧጥጥ ነበር፤ ቀጥ ብላ ብትሄድም ታልፈው ነበር። ለስላሳ ጎማ ተጋድሞ እህል ላይ ሲወጣ ግን የሚይዘው ነገር የለም። ሞተሩ ከሥሯ ወጥቶ መልሶ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ስደርስ የበረዶ ሣጥኑ ተከፍቶ ብልቃጡ በእህሉ መሐል ተበትኗል። ባለ ማሽላው፣ ኦቦ መሐመድ የሚባሉ ሽማግሌ፣ መንሻቸውን ጥለው እየሮጡ መጡና ሞተሩን አብረን አነሣን። እሷን ሲያቀኑ «ሱታ፣ ሱታ ልጄ» ይሏታል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ይመር፣ አንተ የአገሩ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። «ኅዳር መሆኑን ማን ይንገርህ?»

ዘይነባ ፊቷ ነጥቶ ነበር። «ክትባቱ ተሰበረ?» አለች መጀመሪያ። ቀጥላም «እንደነገርከኝ ነው ያደረግኩት፣ ጋሽ ይመር» አለችኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ ትምህርቷን በትክክል መያዟን ልታረጋግጥልኝ የፈለገች ነው የመሰለኝ።

ጉልበቷ በሁለት ቦታ ተሰብሯል። እሷ ሐኪም ቤት እያለች መሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ አቋቁሞ ሪፖርት አዘጋጀ። አለቃችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር እንዳይከር የሚፈልጉ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ባለሙያዋ ከአሠልጣኙ ትእዛዝ ውጭ በፍጥነት ስታሽከረክር» ይላል።

«እንዲህ አልነበረም» አልኳቸው።

«እንዴት ነበር?»

እንዴት እንደነበር ብናገር ለስላሳው ጎማ የማን ሐሳብ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ሥልጠናው ይዘጋል፣ እኔም ወደ በሩ እመለሳለሁ። አራት ልጆች ነበሩኝ፤ ግን በልጆቼ አላመካኝም። ያስፈራኝ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት እንደገና ዘበኛ መሆን ነው። «ፈርምና እንገላገል ይመር፤ እሷን ማንም አያባርራትም» አሉኝ። ፈረምኩ።

እውነትም አላባረሯትም። ከወራት በኋላ ጉልበቷ ሙሉ በሙሉ እንደማይታጠፍ ሲታወቅ መዝገብ ቤት አስገቧት። ሐኪሙ በዝቅተኛ ሞተር ቀስ እያለች መንዳት እንደምትችል ጽፎላት ነበር፤ ነገር ግን ሪፖርቱ ላይ ትእዛዝ ተላልፋለች ስለሚል ሞተር የሚሰጣት አልተገኘም። ከተማውም የራሱን ፈረደ። «ሴት ልጅ ሞተር ላይ ምን አወጣት፤ እንኳን አልሞተች» ይባል ነበር። እኔ ባለሁበት ሲባልም ሻዬን እጠጣ ነበር።

ለስላሳውን ጎማ በዚያው ሳምንት አወለቅኩት። አያ ኢብራሂምን ልጠይቀው ሰንበቴ መሄድ ይገባኝ ነበር፤ ምን ሆነ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ ቀረሁ። በሁለተኛው ዓመት ሞተ፣ ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ እንደ እሱ በረንዳው ላይ ቁጭ እያልኩ መንገዱ ምን እንደለበሰ ሳልጠይቅ አንድም ሰው ልኬ አላውቅም። በሥራዬ ማብቂያ ላይ ያደነቁኝ ለዚህ ጥንቃቄዬ ነው፤ ጋቢም አለበሱኝ። ጋቢው ከበደኝ።

ዘይነባን አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ አያት ነበር። የነዳጅ ደብዳቤ ለማስመዝገብ ስገባ ወንበሯን ገፋ አድርጋ፣ አንድ እግሯን ቀጥ እንዳደረገች ትቀበለኝ ነበር። «ሰላም አደርክ ጋሽ ይመር?» «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?» በዚህ ያበቃ ነበር። አንድ ቀን አፍ አውጥታ ብትሰድበኝ ምንኛ እፎይ ባልኩ።

በመጨረሻው ሳምንቴ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ኩርባው ላይ ያዘዝኳት እኔ መሆኔን፣ ጎማውን የመረጥኩት እኔ መሆኔን፣ መንገዱን ያልጠየቅኩት እኔ መሆኔን፣ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ መፈረሜን። ጡረታዬ ከጸደቀ በኋላ ስለሆነ ድፍረት ነበር አልልም። ከግል ማኅደሯ ጋር እንዲያያዝ ብዬ ይዤው ሄድኩ። ማኅደር የሚያያይዘው መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤት ያለችው ደግሞ እሷው ናት።

ቁጭ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ያነበበችው ይመስለኛል። ቁጥር ሰጠችው፣ ማኅተም መታችበት፣ ፋይሏን ከመደርደሪያ አውርዳ ከላይ አያያዘችው።

«አሥራ አንድ ዓመት ይህን ፋይል ከእኔ በቀር የከፈተው የለም» አለችኝ። «አሁንም የሚከፍተው የለም። ለማን ነው የጻፍከው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«እናቴ አለች» አለች።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ጨፋ ሮቢት ወረድን። እማማ ፋጡማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ፤ አርጅተዋል፣ ጣቶቻቸው ግን ፈጣን ናቸው። ሰላምታው እስኪያልቅ ጠብቄ፣ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ሁሉ፣ «እንደ ካምፑ አድርጊው» ያልኩትን ጭምር። ስጨርስ መፈልፈላቸውን አላቆሙም። የተናገሩት ለልጃቸው ነው።

«አንቺ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር እማ» አለች ዘይነባ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «እግሬ ታስሮ እዚህ ቤት የተኛሁ ሰሞን ነገርኩሽ። ቃል በቃል አሁን እሱ እንዳለው።»

በቆሎው እጃቸው ላይ ቆመ። «አዎ፣ ነግራኛለች» አሉ። ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። «ይመር ፈርሟል ሲሉኝ ነው እሷን ያላመንኳት። ይመር አይዋሽም ብዬ።»